የወገብ መርፌና የ9 ቀን ራስ ምታት

ሰሞኑን እዚሁ አቦቦ አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ እናቴን ለወገቧ ሕመም ጀርባዋ ላይ ስቴሮይድ የሚባል መርፌ ያስፈልግሻል አሏት፤ ጎረቤቱ ደግሞ ሽባ ያደርግሻል እያለ አስፈራራት» አለችኝ። የታሪክ አስተማሪ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ግን ፍርሃቱም ታሪክ አለው።

በ1898 (ዘመኑ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ጀርመን ኪል ከተማ አውጉስት ቢር የሚባል ሐኪም በአከርካሪ በኩል ኮኬይን እየሰጠ ከወገብ በታች ማደንዘዝ ጀመረ። በራሴም ልሞክረው ብሎ ረዳቱን ሂልደብራንትን «ውጋኝ» አለው። መርፌው ገባ፣ ስሪንጁ ግን ከመርፌው ጋር አልገጥም አለ! እሱን ሲታገሉ የአከርካሪው ፈሳሽ ተንጠፈጠፈ። ተቀያየሩና ቢር ረዳቱን ወጋው። ይኼኛው ሠራ፤ ቅልጥሙን በመዶሻ ቢመቱት፣ በሲጋራ ቢያቃጥሉት ምንም። ማታ ወይናቸውን ጠጥተው ተለያዩ። ከዚያ ቢርን ራስ ምታት ያዘው፤ ሲጋደም ይተወዋል፣ ሲነሳ ይመለሳል። 9 ቀን ተኛ። ፈሳሹ ስለጎደለ ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ልክ ነበር።

የድሮው መርፌ ጫፉ እንደ ቢላ ስለሆነ ፈሳሹን የያዘውን ሽፋን ይቆርጠዋል። በ1951 ሃርትና ዊትከር የተባሉ አሜሪካውያን ጫፉን እንደተቀረጸ እርሳስ አደረጉት፤ ሽፋኑን ገለጥ አድርጎ ይገባል፣ ቀዳዳውም ቶሎ ይገጥማል። በ2018 ላንሴት መጽሔት ላይ 110 ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ በድሮው መርፌ ከ100 ሰው 11 ያህሉን ራስ ምታት ሲይዝ በእርሳሱ 4 ያህሉን ነው። ልዩነቱ ጫፉ ብቻ! ግን የድሮው ይረክሳል፤ ስለዚህ አሁንም አለ።

የተማሪዬ እናት መርፌ ሌላ ነው። ስቴሮይዱ ከሽፋኑ ውጭ ነው የሚቀረው፤ መርፌው ተሳስቶ ሽፋኑን ከበሳ ግን ያው የቢር ራስ ምታት ነው። ጎረቤቶቹም ከመሬት ተነስተው አላወሩም። አንዳንዱ ስቴሮይድ ደቃቅ ቅንጣት አለው፤ በተለይ አንገት አካባቢ መርፌው ደም ቅዳ ውስጥ ከገባ ቅንጣቱ ይደፍነዋል፣ ሽባነትም ሊመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ቢሆንም በ2014 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አዟል። ጫፉ ደነዝ ያለ መርፌ ደም ሥሩን ገፋ አድርጎ የማለፍ ዕድሉ ይሻላል፣ ዋስትና ግን አይደለም። ለዚህ ነው በራጅ እያዩ፣ ቅንጣት የሌለውን ዴክሳሜታዞን እያስቀደሙ የሚወጉት።

ለልጅቷ ሦስት ጥያቄ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት፦ በራጅ እያያችሁ ነው የምትወጉት? መድኃኒቱ ቅንጣት አለው? ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነስ? እናትየው ማክሰኞ ይሄዳሉ።