ፀሐይን የማየት ታሪክ፦ ከአል-ቢሩኒ እስከ ቴሌስኮፕ ማጣሪያ

የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ መዲና ላይ ባረፈበት ዕለት ፀሐይ ተጋረደች፤ ሰዎችም ግርዶሹን ከሕፃኑ ሞት ጋር አያያዙት። ነቢዩ ግን ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ታምራት መሆናቸውን፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ሲባል እንደማይጋረዱ አስተምረው ሶላት አሰገዱ። ይህ ትምህርት ግርዶሽን ከሟርት ለይቶ ለዒባዳም ለምርምርም በር የከፈተ ነው ብለን እናምናለን።

ምርምሩ ግን ዋጋ ያስከፍል ነበር። እ.ኤ.አ. በ973 ኸዋሪዝም ውስጥ የተወለደው አል-ቢሩኒ «ተሕዲድ» በተሰኘው መጽሐፉ ዓይን የፀሐይን ጨረር እንደማይችል ገልጾ፣ በቀጥታ ከማየት ይልቅ በውኃ ላይ ያረፈውን ምስሏን ማየት እንደሚሻል ጽፏል። በወጣትነቱ ግርዶሽ ሲከታተል ዓይኑ መድከሙንም አልሸሸገም። ዛሬ ግን የውኃው ነጸብራቅም ቢሆን ዓይንን እንደሚጎዳ እናውቃለን።

የተሻለውን መንገድ ያሳየው የዘመኑ ሊቅ ኢብን አል-ሀይሠም ነው። ስለ ግርዶሽ ቅርጽ በጻፈው ድርሳኑ በከፊል የተጋረደች ፀሐይ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ በትይዩ ገጽ ላይ የማጭድ ቅርጽ እንደሚሥል፣ ቀዳዳው ሲሰፋ ግን ምስሉ እንደሚከብብ አብራርቷል። ተመልካቹ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ምስሏን ማጥናት ይችላል ማለት ነው።

ያን ምስል ማስቀረት የተቻለው ከስምንት መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ፊዞና ፉኮ የተባሉ ፈረንሳውያን ኤፕሪል 2 ቀን 1845 የፀሐይን ፎቶግራፍ አነሡ፤ ብርሃኑ እንዳይበዛ ሰሌዳውን የገለጡት ለሰከንድ 1/60ኛ ያህል ብቻ ነበር። በፀሐይ ፊት ያሉት ጥቁር ነጥቦችም በምስሉ ላይ ታዩ። በ1851 ደግሞ በርኮቭስኪ በኮኒግስበርግ የሙሉ ግርዶሽን የብርሃን አክሊል በፎቶግራፍ አስቀረ።

ዛሬ ፀሐይን በቴሌስኮፕ የሚያነሡ ሰዎች ከብርሃኗ አንድ መቶ ሺህኛውን ያህል ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ይጠቀማሉ። ማጣሪያው የሚገጠመው በቴሌስኮፑ ፊት፣ ብርሃኑ ከመሰብሰቡ በፊት ነው። ከዓይን በኩል ከተገጠመ የተሰበሰበው ሙቀት ሊሰነጥቀው፣ ዓይንንም በቅጽበት ሊያጠፋ ይችላል።

ይህ ታሪክ ለኢማሞችና ለመምህራን የሩቅ ወሬ አይደለም። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሙሉ ግርዶሽ ጥላ በጅዳና በመካ ላይ ያልፋል፤ በሀገራችንም ግርዶሹ በከፊል ይታያል። ያን ዕለት ሕዝቡን ለሶላተል ኩሱፍ የሚጠራ ኢማም፣ ልጆች ሰማዩን በባዶ ዓይን እንዳያዩ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ይገባዋል። የዓይን ውስጠኛው ሽፋን ሲቃጠል ሕመም አይሰማምና ሕፃኑ ጉዳቱን የሚያውቀው ከደረሰ በኋላ ነው። መምህሩም በተበሳ ካርቶንና በነጭ ወረቀት የኢብን አል-ሀይሠምን ማጭድ ለደረሶቹ ማሳየት ይችላል። የአላህን ታምር ማስተንተን ታዘናል፤ የምናስተነትንበት ዓይንም የእርሱ አማና ነው።