ከሦስት ጊታር የተገጣጠመው አንዱ ጊታር



የመዋጮና የለቅሶ ነገር በሚጻፍበት በዚህ መጽሔታችን ስለ ጊታር ማንሣታችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገሩ ግን የመዝገብ ጉዳይ ነው። ዕድሜያችንን በጽሕፈት ቤት የፈጀን ሰዎች ደግሞ መዝገብ ሲነሣ ዝም ማለት አይሆንልንም።

ጥያቄው እንዲህ ነው። አንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ጊታር አንገቱ ከአንዱ፣ አካሉ ከሌላው የመጣ ከሆነ፣ ትውልዱ በምን ይታወቃል?

ከአሮጌዎቹ ጊታሮች ስሙ የገነነው ስትራቶካስተር የተባለው ነው። ያወጣው አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር ነበር። ሰውየው የሒሳብ መዝገብ ያዥ ነበረ፤ ሥራውን ካጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1938 በካሊፎርኒያ፣ በፉለርተን ከተማ የሬዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ። ስትራቶካስተርን በ1954 ለገበያ አቀረበ። በብዙዎቹ ጊታሮች አንገቱ በሙጫ ስለሚጣበቅ ሲበላሽ መከራ ነው። ፌንደር ግን አንገቱን ከአካሉ ጋር በ4 ብሎን አሰረው። ስለዚህ ፈቶ ሌላ መግጠም ቀላል ሆነ። ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ከጀርባው፣ ብሎኖቹ ያሉበት የብረት ንጣፍ ላይ የተመታውን ቁጥር ነው። ታዲያ ንጣፉም እኮ የሚፈታ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል። ቁጥር ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ዐዋቂው ሰው እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው ይመረምራል። አንገቱ ሲፈታ፣ ከአካሉ ጋር በሚጋጠምበት ጫፍ ብዙ ጊዜ በእርሳስ የተጻፈ ወርና ዓመት ይገኛል። በድምፅ መቆጣጠሪያው ጀርባ ላይም ቁጥር አለ። ለምሳሌ 304623 ቢል፣ 304 ዕቃውን የሠራው ፋብሪካ፣ 6 ዓመቱ 1956፣ 23 ደግሞ የዓመቱ 23ኛ ሳምንት ማለት ነው። ዕቃው ግምጃ ቤት ሊቆይ ስለሚችል ጊታሩ በዚያው ሳምንት ተሠራ አይባልም። ግን የመጀመሪያው ዕቃ ከሆነ፣ ጊታሩ ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም። የሽቦው ብየዳም ተነክቶ እንደሆነ ይታያል። ምስክሮቹ ከተስማሙ መልካም፤ ካልተስማሙ ጊታሩ የተገጣጠመ ነው።

የተገጣጠመ ሁሉ ግን የተናቀ አይደለም። እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ኤሪክ ክላፕተን በ1970 በአሜሪካ፣ በናሽቪል ከተማ 6 አሮጌ ስትራቶካስተሮችን ገዛ። ሦስቱን ለወዳጆቹ ለጆርጅ ሃሪሰን፣ ለፒት ታውንሸንድና ለስቲቭ ዊንዉድ ሰጠ። የ1956 እና የ1957 ሥራ ከሆኑት ከቀሩት ሦስቱ ደግሞ መልካም መልካሙን መርጦ አንድ ጊታር አወጣ። ቀለሙ ጥቁር ስለሆነ ብላኪ ተባለ። በጥር 1973 በለንደን ሬይንቦው አዳራሽ ይዞት ወጣ፤ እስከ 1985 ድረስም ዋና መሣሪያው ነበር።

በሰኔ 2004 ይህ ጊታር በኒውዮርክ፣ በክሪስቲስ ጨረታ ቀረበ። ከተለያዩ ጊታሮች የተገጣጠመ መሆኑ አልተደበቀም፤ በግልጽ ተጽፎ ነበር። የተሸጠውም በ959,500 ዶላር ነው። እስከዚያን ቀን ድረስ ለአንድ ጊታር በጨረታ ይህን ያህል ተከፍሎ አያውቅም። ገንዘቡ ክላፕተን በአንቲጓ ደሴት ላቋቋመው፣ በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ የተያዙ ሰዎች ለሚታከሙበት ማዕከል ዋለ።

እንግዲህ ልዩነቱን እንይ። በአሮጌ ጊታር ገበያ፣ ዕቃው የተለዋወጠ ጊታር ካልተነካው ይልቅ ዋጋው ይወርዳል። ሻጩ ለውጡን ደብቆ «እንደ ተሠራ ነው» ካለ ደግሞ ማታለል ይሆናል። ብላኪን ግን ማን እንዳስገጠመው፣ መቼ እንደ ተገዛ፣ የት እንደ ተመታበት ስለሚታወቅ መገጣጠሙ ራሱ ታሪኩ ሆነለት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለዚህ ነው።

የእኛም ድንኳን ሸራው ከአንድ ዘመን፣ ቋሚው ከሌላ ዘመን ነው። ስለዚህ ንብረት ክፍላችንን አንድ ነገር እንለምናለን። አንድ ዕቃ በተለወጠ ቁጥር ምን እንደ ወጣ፣ ምን እንደ ገባ፣ ቀኑና የተረካቢው ስም በመዝገቡ ይጻፍልን። ከኛ በኋላ የሚረከቡት ልጆች በግምት እንዳይከራከሩ ነው።