ሳይንሳዊ ጽሑፍን በስልክ ለማንበብ የድረ ገጽ ማሰሻ አመራረጥና አስተካከል

ወረታ፦ በፎገራ ሜዳ የመኸር ወቅት በመጣ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ የትኛው ዘር? ምን ያህል ማዳበሪያ? አረሙ መቼ? ዛሬ መልሱን ለማግኘት የግብርና ባለሙያን ከመጠየቅ ጎን ለጎን ስልክን መክፈት ተለምዷል። የሩዝ ዕውቀት ለወረታ ሩቅ አይደለም፤ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው እዚሁ ነው። ከባሕር ማዶም ፊሊፒንስ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ኢንስቲትዩት “ራይስ ኖውሌጅ ባንክ” በተሰኘው ገጹ ከማሳ ዝግጅት እስከ ድኅረ ምርት ያለውን አሠራር በነጻ ያቀርባል። ጽሑፉን ከአንባቢው ዓይን የሚያደርሰው ግን በተለምዶ ብሮውዘር የምንለው የድረ ገጽ ማሰሻ ነው። ማሰሻው ካልተስማማ ቁጥር ይዛባል፤ የተዛባው ቁጥር ደግሞ ማሳ ላይ ይበተናል።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በሠንጠረዥ ላይ ነው። በጠባብ የስልክ መስታወት የሠንጠረዡ ራስጌ ከእይታ ሲወጣ አንባቢው “46” የሚል ቁጥር ብቻ ያያል፤ ቁጥሩ የናይትሮጅን ይሁን የዩሪያ አያውቅም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 46 ኪሎ ግራም ነው። ስለዚህ “በሄክታር 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን” ማለት አንድ ኩንታል ዩሪያ ማለት ነው። ቁጥሩን እንደ ዩሪያ ቆጥሮ 46 ኪሎ የበተነ አርሶ አደር ለሰብሉ የሰጠው ናይትሮጅን 21 ኪሎ ገደማ ብቻ ይሆናል። መፍትሔው በማሰሻው ላይ የሚታዩትን ሦስት ነጥቦች ተጭኖ “ዴስክቶፕ ሳይት” የሚለውን መምረጥ፣ ከዚያም ስልኩን ወደ ጎን አጋድሞ ማንበብ ነው። ጽሑፍን ብቻ አጣርቶ የሚያሳየው የንባብ ገጽታ ለዜና ቢመችም አንዳንድ ጊዜ ሠንጠረዥን ስለሚጥል ለምርምር ጽሑፍ አይመከርም።

ከቁጥር በላይ ከፍ ብሎ የሚጻፈው ትንሽ አኃዝም ጥንቃቄ ይሻል። 10⁸ ማለት መቶ ሚሊዮን ነው። ከፒዲኤፍ ተገልብጦ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ግን ብዙ ጊዜ 108 ሆኖ ይወጣል። 120² ተብሎ የተጻፈው ትንሽ 2 የግርጌ ማስታወሻ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሲገለበጥ 1202 ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ተማሪ ሳለ ይህንኑ ስሕተት ሠርቶ ለክፍል ጓደኞቹ ልኳል፤ ደግነቱ ከመካከላቸው አንዱ ዋናውን ሰነድ ከፍቶ አርሞታል። ሠንጠረዥን ለሌላ ሰው ለማጋራት ጽሑፉን ከመገልበጥ ይልቅ የገጹን ምስል በስክሪንሾት አንሥቶ መላክ ይሻላል።

ለመሆኑ የትኛው ማሰሻ ይመረጥ? በእኛ አካባቢ ኦፔራ ሚኒ የሚወደደው ዳታ ስለሚቆጥብ ነው፤ ምክንያቱም ተገቢ ነው። ይሁንና “ኤክስትሪም” በተባለው የቁጠባ ደረጃ ገጹ በኩባንያው ሰርቨር ላይ ተጨምቆ ስለሚመጣ በገጹ ውስጥ የሚሠሩት ትናንሽ ፕሮግራሞች በአግባቡ አይንቀሳቀሱም፤ ካርታና ቀመር ይበላሻል። ለዜና ኦፔራ ሚኒን ማቆየት፣ ለሳይንሳዊ ንባብ ግን ፋየርፎክስን ወይም ክሮምን መጫን ይመረጣል። ፋየርፎክስ የሒሳብ ቀመርን በወጉ ማሳየት ከጀመረ ቆይቷል፤ ክሮም ይህን አሟልቶ የያዘው በጥር 2015 ዓ.ም. በወጣው እትሙ ስለሆነ የቆየ ክሮም ያለው ሰው ማደስ ይኖርበታል። ክሮም ቀድሞ የነበረውን የዳታ ቁጠባ አገልግሎት በመጋቢት 2014 ዓ.ም. አቋርጧል፤ ዛሬም እንዳለ አድርጎ መጠቀም የካርድ ወጪን ያስከትላል።

ሙሉ አቅም ያለው ማሰሻ የግድ የሚሆነው በሳተላይት ምስል ላይ ነው። “ኮፐርኒከስ ብሮውዘር” የተባለው የአውሮፓውያን ገጽ የሴንቲኔል 2 ሳተላይቶችን ምስል በነጻ ያሳያል፤ ምስሉ በየ5 ቀኑ ገደማ የሚታደስ ሲሆን እያንዳንዱ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት ይወክላል። በጣና ሐይቅ ዳርቻ የተንሰራፋውን እምቦጭ ወይም የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚያጥለቀልቁትን መሬት ለመከታተል ያገለግላል። በክረምት ደመናው ምስሉን ስለሚጋርድ ግን ጎርፉን በዕለቱ አገኛለሁ ብሎ መጠበቅ አይገባም።

“ግንኙነትዎ ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም” የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ብዙዎች ጥፋቱን በኔትወርክ ላይ ያላክካሉ። ከዚያ በፊት የስልኩን ቀን ይመልከቱ። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ስልኩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መልሶታል፤ ማሰሻውም የድረ ገጹን የደኅንነት ማረጋገጫ ገና ያልጸና አድርጎ ይቆጥረዋል። ቀኑን በራሱ እንዲያስተካክል ማድረግ ይበቃል። በጣም በቆዩ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ደግሞ ፋየርፎክስ የራሱን የማረጋገጫ ዝርዝር ይዞ ስለሚመጣ ሌላው እምቢ ያለውን ገጽ ሊከፍት ይችላል።

አማርኛውስ? የግዕዝ ፊደል በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ዛሬ የሚጻፉ ገጾች በአብዛኞቹ ስልኮች ይነበባሉ። ከዩኒኮድ ውጭ በሆኑ የቀድሞ ፊደላት የተጻፉ የሥልጠና ሰነዶች ግን የባዕድ ምልክት ጥርቅም ሆነው ይታያሉ። ማሰሻ መለወጥ ይህን አይፈታም፤ ላኪው ሰነዱን ፊደሉን አቅፎ በሚይዘው በፒዲኤፍ እንዲልክ መጠየቅ ነው የሚያዋጣው። የእንግሊዝኛውን ገጽ በክሮም ወደ አማርኛ አስተርጉሞ ጠቅላላ ሐሳቡን መረዳት ይቻላል፤ የኬሚካል ስምና መጠን ግን ከዋናው ይነበብ።

ከወረታ ወጣ ባሉ ቀበሌዎች ኔትወርክ ለሚያስቸግረው ሰው ከተማ በመጣበት የገበያ ቀን ገጹን ማስቀመጥ ይበጃል። በክሮም ከሦስቱ ነጥቦች ሥር ወደ ታች የሚያመለክተውን ቀስት መጫን፣ በፋየርፎክስ ደግሞ ገጹን በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ነው። ከማስቀመጥዎ በፊት ገጹን እስከ ታች ድረስ ያንሸራቱት፤ አንዳንድ ገጾች ሥዕላቸውንና ሠንጠረዣቸውን የሚጭኑት አንባቢው ሲደርስባቸው ብቻ ነው።