የሁለት አገር ጥርስ

ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የሚያወጣውን ዳገት ልወጣበት ከአሮጌ ዕቃዎች የገጣጠምኩት ቢስክሌት ቴላዮው የጣሊያን፣ የፔዳሉ ኩሽኔታ መያዣ ግን የእንግሊዝ ነበር። አልያዘም። የጣሊያኑ ቀዳዳ 36 ሚሊ ሜትር ሆኖ ጥርሱ በሁለቱም ጎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፤ የእንግሊዙ 34.8 ገደማ ነው፣ በሰንሰለቱ በኩልም ወደ ግራ ይጠብቃል።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ወረረን፤ በ1933 ዓ.ም. አርበኞቻችንና የእንግሊዝ ጦር አስወጡት። ኩሽኔታ፣ ፍሬን፣ ካቻቢቴ የሚሉት ቃላት ግን ቀሩ። ቃል አፍ ውስጥ ይላመዳል፤ ብረት እንዲህ አይደለም።

ቆርቆሮ ጠቅልዬ ላስገድደው ቃጣኝ። ግን ዳገት ላይ ሙሉ ክብደት ሲያርፍበት መላላቱ አይቀርም። ጥርሱ የተበላ የእንግሊዝ ቀዳዳ ሰፍቶ ለጣሊያን ዕቃ ይሆናል፤ የሰፋ ግን ተመልሶ አይጠብም። ስለዚህ ቴላዮውን ሳልነካ የአገሩን መያዣ ፈለግሁለት።