ስምንት ሴኮንድ፦ የቴራክ-25 ታሪክና የሶፍትዌር ጥራት ጥያቄ

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የሶፍትዌር ጥራት ምንድን ነው? ለምንስ ያስጨንቃል?» የሚል ነው። ትርጓሜውን ከመማሪያ መጻሕፍታችሁ ስለምታገኙት በእርሱ ላይ አልዘገይም። የጥራት ጉድለት እንዴት እንደሚወለድና ለዓመታት እንዴት ሳይታይ እንደሚኖር የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልተርክላችሁ።

ቴራክ-25 የካንሰር ሕሙማንን በጨረር ለማከም የተሠራ ማሽን ነበር። የሠራው የካናዳ መንግሥት የአቶሚክ ኃይል ድርጅት ሲሆን፣ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በጠቅላላው 11 ማሽኖች ተተክለዋል፤ 5ቱ በአሜሪካ፣ 6ቱ በካናዳ። ማሽኑ በሁለት መንገድ ይሠራል። ለቆዳ ቅርብ ለሆነ ዕጢ የኤሌክትሮን ጨረር በልኩ ይልካል። ጠልቆ ለተቀመጠ ዕጢ ግን የኤሌክትሮኑ ብዛት ወደ 100 እጥፍ ገደማ ከፍ ይልና በመንገዱ ላይ ከተቀመጠ የብረት ዒላማ ጋር ተጋጭቶ ወደ ኤክስሬይ ይለወጣል። አደጋው የት እንዳለ ወዲያው ይገባችኋል፤ ጨረሩ ለኤክስሬይ እንደሚያስፈልገው በርትቶ ሳለ ዒላማው በቦታው ካልተገኘ፣ ያ ሁሉ ኃይል በቀጥታ በሰው ገላ ላይ ያርፋል።

ከእርሱ በፊት የነበረው ቴራክ-20 ይህን የሚከለክሉ ከኮምፒውተሩ ነጻ የሆኑ መቆለፊያዎች ነበሩት። በቴራክ-25 ላይ አብዛኞቹ ተነሡና ጥበቃው ለሶፍትዌሩ ተሰጠ። ሶፍትዌሩን የጻፈው አንድ ሰው ነው፤ ለፒዲፒ-11 ኮምፒውተር፣ በአሴምብሊ ቋንቋ፣ በበርካታ ዓመታት ውስጥ። ከቀደሙት ማሽኖች የተወሰዱ ክፍሎችም ነበሩበት። ያ ኮድ በቴራክ-20 ላይ ሰው ስላልጎዳ እንደተፈተነና እንደታመነ ተቆጠረ።

እ.ኤ.አ. በ1983 ድርጅቱ የደኅንነት ትንተና ሲያካሂድ ሶፍትዌሩን ከትንተናው ውጭ አደረገው። ከመነሻ ግምቶቹ አንዱ ሶፍትዌር በማርጀት ወይም በመበላት አይበላሽም የሚል ነበር። ግምቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ተሳስቶ የተጻፈ ኮድ ለመሳሳት ማርጀት አያስፈልገውም። በዚያው ሰነድ ኮምፒውተሩ የተሳሳተ የጨረር ኃይል የመምረጡ ዕድል ከ100 ቢሊዮን አንድ ተብሎ ተቀምጧል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሰነዱ አያስረዳም። በእኔ አስተያየት ከጠቅላላው ታሪክ እጅግ የሚያስደነግጠው ይህ መስመር ነው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 1986 በቴክሳስ፣ ታይለር ከተማ፣ ልምድ ያላት አንዲት የማሽኑ ኦፕሬተር የአንድን ታካሚ መረጃ ታስገባ ነበር። ለኤሌክትሮን «ኢ» የሚለውን ፊደል መተየብ ሲገባት ለኤክስሬይ የሚሆነውን «ኤክስ» ተየበች። ስሕተቷን ወዲያው ስላየች ወደ ላይ ተመልሳ አረመችውና ሕክምናውን አስጀመረች። ስክሪኑ «ብልሽት 54» ብሎ ቆመ። የመልእክቱን ትርጉም የሚገልጽ ነገር በመመሪያው ውስጥ አልነበረም፤ ማሽኑ የሰጠው ጨረርም ከታዘዘው እጅግ ያነሰ እንደሆነ ስክሪኑ ይናገር ነበር። እንዲህ ያሉ መልእክቶችን በየቀኑ ማየት የለመደች በመሆኗ «ቀጥል» የሚለውን ቁልፍ ተጫነች። ታካሚውን የሚያሳየው ቴሌቪዥን በዚያ ዕለት ተነቅሎ ነበር፤ የድምፅ መገናኛውም ተበላሽቷል። በውስጥ ያለው ሰው በመጀመሪያው ምት ጀርባው እንደተቃጠለ ተሰምቶት ሊነሣ ሲል ሁለተኛው ክንዱን መታው። በሩን እየደበደበ ወጣ። የታዘዘለት 180 ራድ ነበር፤ የተቀበለው ከ16,500 እስከ 25,000 ራድ እንደሚደርስ በኋላ ተገምቷል። ከ5 ወር በኋላ ሞተ።

የድርጅቱ መሐንዲሶች መጥተው ማሽኑን ፈተሹ፤ ስሕተቱን ሊደግሙት አልቻሉም። ምናልባት የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሆናል ተባለ፤ ያም ተመርምሮ አልተገኘም። ማሽኑ ወደ ሥራ በተመለሰ በ4ኛው ቀን ያችው ኦፕሬተር ያንኑ እርማት አደረገች፤ ያው «ብልሽት 54» ታየ፤ ሌላ ታካሚ ተቃጠለ። እርሱም በ3 ሳምንት ውስጥ ሞተ።

በዚህ ጊዜ ነገሩን የፈታው የሆስፒታሉ ፊዚክስ ባለሙያ ነው። ማሽኑን ከአገልግሎት አውጥቶ ከኦፕሬተሯ ጋር ተቀመጠና ያደረገችውን ሁሉ ደጋግማ እንድታሳየው ጠየቃት። ምስጢሩ ፍጥነት ሆኖ ተገኘ። የማሽኑ ማግኔቶች ተስተካክለው እስኪያበቁ ወደ 8 ሴኮንድ ይፈጃሉ፤ በእነዚያ ሴኮንዶች ውስጥ የተደረገ እርማት በስክሪኑ ላይ ይታያል፣ ማግኔቶቹን የሚያዘው የፕሮግራሙ ክፍል ግን አያየውም። በዝግታ የሚተይብ ፈታሽ ይህን ስሕተት ሊያገኘው አይችልም። ልማድ ያፈጠናት ባለሙያ ግን ታገኘዋለች።

ለተማሪዎቻችን ስል አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ከታወቀ በኋላ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ በእጁ ያለውን ቴራክ-20 መረመረ። አዲስ የተማሪዎች ቡድን በመጣ ቁጥር የማሽኑ ፊውዞች ሲቃጠሉ ቆይተው፣ ተማሪዎቹ ሥራውን ሲለምዱ ነገሩ ይቀንስ ነበር። ምክንያቱ ያው የሶፍትዌር ስሕተት ነበር! ተማሪዎቹ እየተሳሳቱ ሲያርሙ ኮዱ ይስታል፤ መቆለፊያው ግን ጨረሩን ያቋርጠዋል። ንጹሕ ነው ተብሎ የተወረሰው ኮድ ቀድሞም ንጹሕ አልነበረም።

በዋሽንግተን ግዛት፣ ያኪማ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 1987 የደረሰው አደጋ የተለየ ስሕተት ነበረው። አንድ ቁጥር ዜሮ ካልሆነ ፕሮግራሙ የማሽኑን አቀማመጥ ይፈትሻል፤ ዜሮ ከሆነ ፍተሻውን ያልፈዋል። ቁጥሩ ግን ቋሚ ምልክት እንደመሆን ፈንታ በየዙሩ በ1 ያድግ ነበር፤ የተቀመጠውም በአንድ ባይት ውስጥ ነው። ስለዚህ በየ256ኛው ዙር ወደ ዜሮ ይመለሳል። በዚያች ቅጽበት ቁልፍ የተጫነ ኦፕሬተር ያለ ፍተሻ ያልፋል።

ከ1985 እስከ 1987 የታወቁት አደጋዎች 6 ናቸው። ናንሲ ሌቨሰንና ክላርክ ተርነር እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን የኮድ ስሕተት አግኝቶ ማረም ማሽኑን እንደማያድነው አሳይተዋል። ድርጅቱ ከ1985ቱ የሃሚልተን አደጋ በኋላ አንድ ማስተካከያ አድርጎ ደኅንነቱ ቢያንስ በ100,000 እጥፍ ተሻሽሏል ብሎ ነበር፤ ማስተካከያው ከትክክለኛው ምክንያት ጋር መገናኘቱ ግን አልተረጋገጠም። የታይለርና የያኪማ ሰዎች የተጎዱት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር በአዳራሹ ውስጥ አንዳንዶቻችሁ ስለ ሌላ ነገር እያሰባችሁ እንደሆነ እገምታለሁ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302፣ በ6 ደቂቃ ውስጥ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አልቀዋል። ከ5 ወር ገደማ በፊት በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ 189 ሰዎችን ይዞ ወድቆ ነበር። በቴራክ-25 ኮዱ ጸሐፊው ያላሰበውን ሠራ። በማክስ ላይ ግን ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር የታዘዘውን ፈጸመ፤ አንድ ሴንሰር ብቻ እንዲያምን ተነግሮታል፣ አመነው። የግራው ሴንሰር ወደ 75 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15 አካባቢ ነበር። ኮዱን ብቻ የሚመረምር ሰው እዚያ ላይ ስሕተት ላያገኝ ይችላል፤ ጉድለቱ ኮዱ ከመጻፉ በፊት በተወሰነው ውሳኔ ውስጥ ነውና።

ሁለቱ ሴንሰሮች ሲለያዩ ለአብራሪዎች የሚያሳውቅ ምልክት በሁሉም ማክስ አውሮፕላኖች ላይ እንዲኖር ታስቦ ነበር። በሶፍትዌር ስሕተት ምክንያት ምልክቱ ሌላ ተጨማሪ መሣሪያ ከፍለው ለገዙ አየር መንገዶች ብቻ ይሠራ ነበር። አምራቹ ይህን ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ማስተካከያውን የቀጠረው ለ2020 ነበር።