ከጣሳው እስከ ቴሌግራም፦ ሴቶች ደንበኛ የጠሩባቸው መንገዶች



በወርኃዊ ስብሰባችን ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ «በርበሬዬን በቴሌግራም ብሸጥ ይሻላል ወይስ በፌስቡክ?» የባልትና ሥራ ላይ ያሉትም፣ ሽመና የያዙትም፣ ልብስ የሚሰፉትም ይጠይቃሉ። በሂሳብ ክፍል የምንሠራ እህቶች ይህን ስንሰማ ሌላ ጥያቄ ይመጣብናል። ደንበኛ የምንጠራበት መንገድ የማን ነው? ደንበኛዋስ የማን ናት? መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን፣ በአገራችን ሴቶች ገዢ እንዴት ሲጠሩ እንደኖሩ ማየት ይጠቅመናል።

ደጃፍ፣ ድምፅና ምርቃት

ጠላ የጠመቀች ሴት በአጥሯ ላይ ረጅም እንጨት አቁማ ጫፉ ላይ ጣሳ ትደፋበታለች። መንገደኛው ያንን አይቶ ጎራ ይላል። ፊደል ያልቆጠረም የሚያነበው፣ ኪራይ የማይከፈልበት ማስታወቂያ ነው። ዛሬም በብዙ ትናንሽ ከተሞች ይታያል።

ዞሮ የሚነግደው ደግሞ በድምፁ ይጠራል። «ቆራሌው!» ወይም «ልዋጭ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ማን እንደመጣና ምን ይዞ መውጣት እንዳለበት ሳይነገረው ያውቃል። የመንግሥት ትእዛዝ በአዋጅ ነጋሪ የሚነገረውም በገበያ ቀን ነበር። ሰው የሚሰበሰበው እዚያ ነውና። ሰው ካለበት ሄዶ መናገር የሚለው ብልሃት ከኢንተርኔት ጋር አብሮ የመጣ አይደለም።

ጉልት ላይ የምትቀመጠው እናት ግን አብዛኛውን ጊዜ አትጮህም። ሽንኩርቷን መደብ መደብ አድርጋ ትደረድርና ቀዩን ወደ ፊት ታወጣለች። ሰፍራ ከሰጠች በኋላ እፍኝ ምርቃት ትጨምራለች። ያቺ እፍኝ ገዢዋን በሚቀጥለው ሳምንት ትመልሳታለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የሚሠራው ቡና ነው። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ «ሽሮሽ እንዴት እንዲህ ጣፈጠ? ከማን ገዛሽ?» ትባላለች። ወሬው ከጎረቤት ወደ እድር፣ ከእድር ወደ እቁብ ይሄዳል።

ሥልጣን ያላት ሴትም ብትሆን ገዢ መጥራት ነበረባት። እቴጌ ጣይቱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ሲያስከፍቱ ምግብ በገንዘብ ገዝቶ መብላት ለመኳንንቱ እንግዳ ነገር ነበር። ሰው ይሉኝታ ይዞት ስላልገባ አጤ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄደው እንደጋበዟቸው፣ «ከእንግዲህ ደግሞ በየገንዘባችሁ እየመጣችሁ ብሉ» እንዳሏቸው ይተረካል። የታወቀ ሰው መጀመሪያ እንዲቀምስ ማድረግ ዛሬ ብዙ ገንዘብ የሚከፈልበት የማስታወቂያ ዘዴ ነው።

ጋዜጣና ሬዲዮ የማን ነበሩ?

ከዚያ በኋላ የመጡት መንገዶች ሰፊ ነበሩ፤ ግን በር ነበራቸው። ሬዲዮ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ታተመ። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. መጣ። በእነዚህ ላይ ማስታወቂያ ማስነገር የቻለው ገንዘብ ያለው ነው። ጉልት ላይ ያለችው እናት ሰሚና ተመልካች ብቻ ሆና ቀረች። በደርግ ዘመን ደግሞ ስኳርና ዘይት በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ሲከፋፈል ማስታወቂያ ራሱ ትርጉም አጣ። ዕቃው ከጠፋ ማንን ምን ብለው ይጠሩታል?

በ1990ዎቹና ከዚያ ወዲህ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያዎች በዙ። ሸገር ኤፍ ኤም 102.1ን የመሰሉ የግል ጣቢያዎችም አየሩን ተቀላቀሉ። ማስታወቂያው እየበዛ ሄደ፤ ግን የአንዲት ባልትና ሻጭ የወር ትርፍ ለጥቂት ሴኮንድ የአየር ሰዓት የሚበቃ አልነበረም።

ስልኩ እጃችን ላይ ሲገባ

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም.፣ ሞባይል ደግሞ በ1991 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ላይ ሲም ካርድ ማግኘት ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነበር። ፌስቡክ በመስከረም 1999 ዓ.ም. ለማንኛውም ሰው ክፍት ሆነ። ቴሌግራም በ2005 ዓ.ም. ማብቂያ ተጀመረ፤ ቻናል የሚባለውን አገልግሎት በመስከረም 2008 ዓ.ም. ጨመረ። ቻናል ማለት አንድ ሰው የሚለጥፈውን ብዙ ሰው የሚያይበት ሰሌዳ ነው። ዳታ ብዙ ስለማይበላ፣ ፎቶና ዋጋ በቀላሉ ስለሚለጠፍበት ለእኛ አገር ነጋዴ ተስማማ። ጫማ፣ ሕፃናት ልብስ፣ የቤት ዕቃ፣ ቅመማ ቅመም ሁሉ እዚያ ላይ ወጣ።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ባዛሮች ተሰረዙ፣ ሰው ከቤት መውጣት ፈራ። ያን ጊዜ ቻናል የነበራት ሴት በሞተር እየላከች ቤቷን ማኖር ቻለች። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ ክፍያውም በዚያው ስልክ ላይ ሆነ። ውጭ አገር ያሉ እህቶቻችን ሳይቀሩ፣ ከዐረብ አገርም ከአሜሪካም፣ በኢሞና በቴሌግራም አዝዘው ሽሮና በርበሬ በመንገደኛ ያስልካሉ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጋዜጣውና ሬዲዮው ያላስገቧት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ደላላ ብዙ ሰው ፊት ቆመች።

ሰሌዳው ሲዘጋ

ነገር ግን ሰሌዳው የእርሷ አልነበረም። ታሪኩ ይህንንም ያሳየናል።

ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የስልክ አጭር መልእክት ለሁለት ዓመት ያህል ተቋርጦ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ብዙ ቦታዎች ከሁለት ዓመት በላይ ቆዩ፤ እዚያ ያሉ እህቶቻችን ያጡት ከገበያ እጅግ የሚበልጥ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ሰው በቪፒኤን ብቻ ይገባ ነበር። ጥፋቱ ሁልጊዜ ከአገር ውስጥ አይመጣም። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በራሳቸው ብልሽት በዓለም ሁሉ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተዋል።

ስድስት ሰዓት ለአንዳንዱ ምንም አይደለም። ለበዓል ዋዜማ ዶሮ ወጥ ቅመም ያዘጋጀች ሴት ግን ስድስት ሰዓት የሳምንት ገቢዋ ሊሆን ይችላል። አምስት ወር ደግሞ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያና የቤት ኪራይ ነው፤ የማህበራችን ብድር ተመላሽም ነው።

ልዩነቱን የሚፈጥረው ደብተር ነው። ሰሌዳው ሲዘጋ የደንበኞቿን ስምና ስልክ በደብተር የያዘች ሴት ደውላ ትሸጣለች። ሁሉን ነገር ቻናሉ ውስጥ ያስቀመጠችው ሴት ግን ሺህ ተከታይ ኖሯት የምትደውልለት አንድ ሰው አታገኝም። ጣሳዋን የሰቀለችው ሴት አጥሩ የራሷ ነበር። የጉልቷ እናት ደንበኞቿን በመልክ ታውቃቸዋለች። እኛም በዘመናችን መንገድ እየተጠቀምን ያንን ዕውቀት መጣል የለብንም።

ላይክ ገንዘብ አይደለም

ሁለተኛው ነገር ሂሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል ቁጥር እናስቀምጥ። አንዲት እህት አንድ ኪሎ በርበሬ 700 ብር ሸጠች እንበል። ከዛላው ግዢ እስከ ወፍጮው 560 ብር ፈጅቶባታል። 140 ብር አተረፍሁ ትላለች። ነገር ግን የሞተር ማድረሻ 100 ብር እርሷው ከፈለች። ማሸጊያው 15 ብር ነው። ማስታወቂያው ለብዙ ሰው እንዲታይ ፌስቡክን ለማስከፈት፣ ማለትም ቡስት ለማድረግ፣ ያወጣችው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሲካፈል 20 ብር ደረሰ። በእጇ የቀረው 5 ብር ነው፤ የጉልበቷ ዋጋ ገና አልተነሳም። ፎቶው ላይ ሦስት መቶ ሰው ልብ አድርጎላት ይሆናል። ልቡ ግን ከወጪው ላይ አይቀነስም።

ጥንት ደጃፍ ላይ ሲሸጥ ማድረሻ የሚባል ወጪ አልነበረም፤ ገዢዋ በእግሯ ትመጣ ነበር። መንገዱ ሲቀየር ወጪውም ይቀየራል። ስለዚህ ማድረሻን፣ ማሸጊያን፣ የኢንተርኔት ጥቅልንና ቡስትን በየራሳቸው መስመር መመዝገብ ያስፈልጋል።

ታሪኩ የሚሰጠን ምክር

ቴሌግራምን ተዉት አንልም። ክፈቱት፣ ተጠቀሙበት። ነገር ግን እነዚህን አራት ነገሮች እንያዝ።

አንደኛ፣ የገዛ ሰው ሁሉ ስሙ፣ ስልኩ፣ ሰፈሩና የገዛው ነገር በደብተር ይጻፍ። ወር በገባ ቁጥር ለቀድሞ ደንበኞች መደወል ከቡስት ይረክሳል። ደብተሩ የሰው አደራ ስለሆነ ስልኩን ለሌላ ነጋዴ አንስጥ።

ሁለተኛ፣ ዋጋ በግልጽ ይለጠፍ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ገዢን ያሸሻል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲያስቀምጥ ያዛል፤ የጉልቷ እናትም መደቡን ስንት እንደሆነ ለሁሉም እኩል ትናገራለች።

ሦስተኛ፣ ዕቃ ከመውጣቱ በፊት ክፍያው መግባቱን ከራሳችን ሂሳብ እናረጋግጥ። የተላከልን ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም።

አራተኛ፣ ምርቃቷ አትቅር። ጥቅሉ ውስጥ የምትገባ አንዲት ማንኪያ ኮረሪማ ቡና ላይ ወሬ ትሆናለች። ያንን ወሬ ማንም ሊዘጋው አይችልም።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለን። ለአባሎቻችን የዲጂታል ንግድ ሥልጠና ስትደግፉ ከስልኩና ከፎቶ አነሳሱ ጎን የሂሳብ መዝገብ አያያዝም እንዲካተት እንጠይቃለን። የሥልጠናውን ውጤት በተከታይ ብዛት ሳይሆን ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰው በገዙ ደንበኞችና በእያንዳንዷ አባል እጅ በቀረው ብር ብንለካው ለሁላችንም እውነቱን ይነግረናል።

በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ እያንዳንዳችን ደብተራችንን ይዘን እንምጣ። የሌላትም ባዶውን ይዛ ትምጣ፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደንበኞች አብረን እንጽፋለን።