4,294,967,297፦ አምስት ምስክር ያልበቃው ቁጥር

በሒሳብ ታሪክ ውስጥ አንድ ታላቅ ሰው በማሳሳቱ የታወቀ ቁጥር አለ፤ 4,294,967,297።

የተሳሳተው ሰው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ነው። ቱሉዝ ከተማ በሕግ ሙያ እያገለገለ ሒሳብን በትርፍ ጊዜው ይሠራ ነበር። በ1640 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጻፋቸው ደብዳቤዎች አንድ የቁጥሮች ሰልፍ አቀረበ። ሰልፉ ከ3 ይጀምራል። ቀጣዩን ለማግኘት 1 ይቀነሳል፣ የቀረው በራሱ ይባዛል፣ 1 ተመልሶ ይደመራል። በዚህ መንገድ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ይወጣሉ። አምስቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። ፌርማ ሰልፉ እስከ መጨረሻው እንዲሁ ይቀጥላል ብሎ አመነ፤ ማረጋገጫ እንደሌለው ግን አልደበቀም።

ስድስተኛው ባለታሪካችን ነው። ብቸኛ መሆኑን በቀጥታ ለማጣራት ከ65,536 በታች ላሉት 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች በየተራ ማካፈል ይጠይቃል። በ1729 ክርስቲያን ጎልድባክ ሴንት ፒተርስበርግ ለነበረው ወጣቱ ሊዮናርድ ኦይለር ጥያቄውን በደብዳቤ አነሣበት። ኦይለር በ1732 መልሱን ይዞ ቀረበ፦ ቁጥሩ ለ641 ይካፈላል፤ ድርሻው 6,700,417 ነው።

ነገሩ ዕድል ብቻ አይደለም። ኦይለር በኋላ እንዳረጋገጠው፣ የዚህ ቁጥር አካፋይ የሆነ ማንኛውም ብቸኛ ቁጥር የ64 ብዜት ላይ 1 ተደምሮበት የሚገኝ መሆን አለበት። ከእነዚህ መካከል ብቸኛ የሆኑት የመጀመሪያዎቹ አምስት በቅደም ተከተል 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው። አራቱ ቀሪ ያስቀራሉ፤ አምስተኛው ልክ ይገባል። የሺዎች ድካም በአምስት ሙከራ አለቀ።

ግምቱ ቢወድቅም ሰልፉ አልተጣለም። በ1796 የ18 ዓመቱ ካርል ፍሪድሪሽ ጋውስ ጎኖቹና ማዕዘኖቹ እኩል የሆኑ ባለ 17 ጎን ምስል በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። የጎናቸው ብዛት ጎዶሎ የሆነ እንዲህ ያሉ ምስሎች የሚሠሩት፣ የጎኖቹ ቁጥር በሰልፉ ውስጥ ያለ ብቸኛ ቁጥር (የፌርማ ብቸኛ ቁጥር) ወይም የተለያዩ የፌርማ ብቸኛ ቁጥሮች ተባዝተው የሚሰጡት ውጤት ሲሆን ብቻ ነው። አምስቱን በሙሉ ብናባዛቸው 4,294,967,295 እናገኛለን፤ ግምቱን ካፈረሰው ቁጥር በ2 ብቻ ያንሳል። በሁለቱ መካከል ያለው 4,294,967,296 ደግሞ በ32 ቢት የሚጻፉ የኢንተርኔት አድራሻዎች ጠቅላላ ብዛት ነው።

ከኦይለር ወዲህ ስድስተኛ የፌርማ ብቸኛ ቁጥር የፈለጉ ሁሉ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። በሰልፉ ከ4,294,967,297 ቀጥሎ ያለው ባለ 20 አሃዝ ቁጥር ለ274,177 እንደሚካፈል ፎርቱኔ ላንድሪ በ1880 አገኘ። ኮምፒውተር ከመጣ ወዲህም ከአምስቱ ቀጥለው ያሉት 28 ቁጥሮች በሙሉ ብቸኛ አለመሆናቸው ተረጋግጧል። ከነዚህ አንዳንዶቹ አካፋይ እንዳላቸው ይታወቃል፤ አካፋዩ የትኛው እንደሆነ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ዛሬ ብዙዎች የፌርማን ግምት ገልብጠው፣ ከአምስቱ ሌላ ብቸኛ ቁጥር በሰልፉ ውስጥ የለም ይላሉ። ይህንንም ያረጋገጠ የለም። ፌርማን አምስት ምስክር አሳስቶታል፤ ሃያ ስምንት ምስክርም ያለ ማረጋገጫ ፍርድ ለመስጠት አይበቃም።